የማበጠሪያው የጋራ ጫማ

የቡና ለቃሚ ጣት ምን ያህል እንደሚያውቅ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሐጂራ ቲጃኒ ከፊቷ የፈሰሰውን ቡና በግራ እጇ እየበተነች፣ በቀኟ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውንና የተሰበረውን ፍሬ ስትነጥል ዓይኗ ብዙ ጊዜ ቡናው ላይ አልነበረም። ከጎኗ ከተቀመጠችው ሴት ጋር እያወራች፣ እየሳቀች፣ አንዳንዴም እየተጣላች ትለቅማለች። ጥሩ ፍሬ ይከብዳል፣ ልስልስም ነው፤ የተበላሸው ይቀላል፣ ይሻክራል። ጣቷ ያንን ልዩነት ከዓይኗ ቀድሞ ያገኘዋል። የዚህች ሴት መተዳደሪያም፣ ሙያም፣ ኩራትም እነዚያ ጣቶች ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ሲጀምር ሊወሰድባት የነበረው ይኸው ነው።

ሐጂራ የተወለደችው የቡ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። አጋሮ የገባችው በትዳር ሲሆን፣ ባሏ በጭነት መኪና ላይ ጆንያ የሚጭን ጉልበተኛ ነበር። መኪናው በዴዴሳ ቁልቁለት ተገልብጦ ሲሞት ሁለት ሴት ልጆች ትቶላት ሄደ። ጎረቤት «ወደ አገርሽ ተመለሺ» ሲላት፣ «እዚያስ ሳልሠራ ማን ያበላኛል?» ብላ በከተማው ዳር ባለ የመንግሥት ቡና ማበጠሪያ በር ላይ ተሰለፈች። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን በጣቶቿ አሳደገች።

ማበጠሪያው ሁለት ቦታ ነበረው። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ቡና በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ይለቀማል። ከዚያ የሚወድቀው፣ ለአገር ውስጥ የሚቀረው፣ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ይለቀማል። ሴቶቹ ራሳቸውን «የአዳራሽ» እና «የዳስ» ብለው ይጠሩ ነበር። የአዳራሽ ለቃሚ መሆን ክብር ነው። ሐጂራም የአዳራሽ ነበረች።

ክብሩ ግን ውርደት ነበረበት። በዚያ ዘመን የወጪ ቡና የመንግሥት የዓይን ብሌን ነው። እፍኝ ቡና ይዞ የተገኘ ሰው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ይባላል፤ ይታሰራል። የማበጠሪያው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ወርቅአገኘሁ፣ ሴቶቹ በጫማቸው ውስጥ ፍሬ ይደብቃሉ ብሎ ስለጠረጠረ አንድ መመሪያ አወጣ። የአዳራሽ ለቃሚ ሁሉ የራሷን ጫማ በር ላይ አውልቃ፣ ማበጠሪያው የገዛውን ኮንጎ የሚባለውን ጥቁር የላስቲክ ጫማ አድርጋ ትገባለች። ስትወጣ ያንኑ ታወልቃለች፤ ዘበኛው አገላብጦ ያራግፈዋል። ጫማው የማንም አይደለም። ጠዋት ከክምሩ በእጅሽ የገባውን ታደርጊያለሽ፤ ትናንት ማን እንዳደረገው አታውቂም።

«ወላሂ፣ ባሌ እንኳ ጫማዬን አራግፎ አያውቅም» ትል ነበር ሐጂራ ለዘበኛው ለሙሐዲን።

«እኔ ምን ላድርግ አዴ? ታዝዤ ነው» ይላል ሙሐዲን፣ በኦሮምኛ «እናቴ» እንደማለት፣ ዓይኗን ላለማየት ጫማውን እያራገፈ።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ቆንጂት የምትባል ከሰርቦ የመጣች ወጣት ለቃሚ እጇን ማከክ ጀመረች። በመዳፏና በጣቶቿ ጎን ሰሊጥ የሚያህሉ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ወጡ። ስታክካቸው ይፈነዳሉ፤ ቆዳው ይላጣል፤ ቡናው ሲነካው ያቃጥላታል። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ ከዚያ የአዳራሹ ግማሽ እጁን እያከከ መልቀም ያዘ። ከተማው ውስጥ አንድ ክፉ ቃል ተወራ፤ ስጋ ደዌ ነው ተባለ። ቆንጂት ውሃ የጠጣችበትን ጣሳ ሰዎች ደጅ ጣሉት።

ጓድ ወርቅአገኘሁ ያደረገውን ተመልከቱ። ሐኪም ከመጥራቱ በፊት ቆንጂትንና እጃቸው በግልጽ የቆሰለ ጓደኞቿን ከሥራ አስወጣ። «ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በቆሰለ እጅ አይነካም» አለ። ደመወዝ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ተመለሱ የሚል ተስፋም የለም። ቆንጂት ልብሷን በአንድ ፌስታል አድርጋ ወደ ሰርቦ ሄደች። ቀጥሎ ደግሞ የንጽሕና ዘመቻ አወጀ። በሩ ላይ «ንጽሕና የአብዮቱ ጋሻ ነው!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ከጨርቁ ሥር ትልቅ የውሃ በርሜል ቆመ። ማታ ማታ ኮንጎው ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ተነክሮ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ጆንያ ውስጥ ይከተታል።

ዘመቻው በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የሐጂራ ጣት አሳከካት።

ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን በነጠላ ጫፍ እየጠቀለለች፣ «ቢላ ቆረጠኝ» እያለች ለቀመች። ጣቷ ግን ከዳት። ውሃ ቋጥሮ የተላጠ ጣት ጥሩውን ፍሬ ከመጥፎው መለየት አይችልም፤ ሁሉም ይሻክረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናን በዓይኗ ለቀመች፤ ዘገየች፤ ተቆጣጣሪዋ ጮኸችባት።

ያን ጊዜ ነው ከከተማው ክሊኒክ ኤርሲዶ የተላከው። ኤርሲዶ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን ጤና ረዳት ነው። የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ሰው ፊት ብዙ አይናገርም፤ ስለ በሽታ ሲሆን ግን ማን ያስቁመው! የሴቶቹን እጅ አይቶ መጀመሪያ የወሰደው መንገድ ማንም የሚወስደው ነው። ያሳክካል፣ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ እንግዲያው እከክ ነው። የእከክ መድኃኒት ሰጣቸው።

በማግስቱ ሐጂራ በር ላይ ያዘችው።

«አንተ ዶክተር፣ መድኃኒት ነው የሰጠኸን ወይስ በርበሬ?»

«ዶክተር አይደለሁም አዴ ሐጂራ። አቃጠለዎት?»

«አቃጠለኝ? ሌሊቱን እጄን ባልዲ ውስጥ ነክሬ አደርኩ! ማሎ፣ እባክህ፣ የምታውቀው ከሌለ አላውቅም በል። ወርቅአገኘሁ ካየኝ ነገ እንደ ቆንጂት ነው የሚያባርረኝ።»

ኤርሲዶ አልተቆጣም። እጇን ደግሞ አየው። የእከክ ትል በቆዳ ውስጥ የሚቆፍራት ቀጭን መስመር የለችም። ልጆቿንም አያሳክካቸውም፤ እከክ ቢሆን ኖሮ አንድ አልጋ ላይ የሚተኙትን ልጆች ቀድሞ ባሳከካቸው ነበር። «ተሳስቻለሁ» አለ። «እንደገና ልጀምር።»

ጓድ ወርቅአገኘሁ በበኩሉ መልሱን አግኝቶ ነበር። ለኤርሲዶ በቢሮው እንዲህ አለው፤ «እነዚህ ሴቶች በሥራ ሰዓት እየተነሱ ውዱእ እያሉ ቧንቧ ሥር ይንከራተታሉ። ቆሻሻው ከዚያ ነው። ኋላ ቀርነት ነው በሽታው።»

አስቡት እንግዲህ። በቀን ደጋግሞ እጅና እግሩን የሚታጠብ ሰው ቆሻሻ ተባለ! ከታመሙት ውስጥ ብዙ ክርስቲያኖች እንዳሉ፣ ቆንጂት ራሷ ጊዮርጊስን የምትል ልጅ እንደሆነች ሥራ አስኪያጁ ለማየት አልፈለገም።

ኤርሲዶ ግን አየ። ዘዴው ቀላል ነው፤ የታመመን ብቻ ሳይሆን ያልታመመንም መጠየቅ። ወደ ቆርቆሮው ዳስ ሄዶ የዳስ ሴቶችን እጅ አንድ በአንድ ተመለከተ። ንጹሕ! ከአንዷም እጅ ላይ ነጠብጣብ አላገኘም። ከአንድ ማሳ የመጣ ቡና ይነካሉ፤ አንድ ዓይነት ጆንያ ይሸከማሉ፤ ከአንዱ ቧንቧ ይታጠባሉ፤ ሙስሊሞቹ እዚያው ቧንቧ ሥር ውዱእ ያደርጋሉ። ታዲያ በሽታው ከቡናው ከሆነ፣ ከውሃው ከሆነ፣ ከውዱኡ ከሆነ፣ እነዚህን ለምን ዘለላቸው?

ወደ ሐጂራ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ግሩም ነገር ነው! ቡናው አይደለም፣ ውሃውም አይደለም!»

«ግሩምነቱ ለማን ነው?» አለችው ሐጂራ ጣቷን እየነፋች።

ኤርሲዶ ከበርካታ ሴቶች እጅ የተላጠውን ቆዳ በቀስታ ፍቆ ጅማ ወሰደ። እዚያ ልያ የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ታውቀዋለች። የቆዳውን ብናኝ በመስታወት ላይ አድርጋ፣ ቆዳን በሚያሟሟ ፈሳሽ አርጥባ በማይክሮስኮፕ ለረጅም ጊዜ ፈለገች።

«ባዶ ነው» አለች። «ትልም የለም፣ ፈንገስም የለም። እግራቸውስ?»

«የታመመው እኮ እጃቸው ነው።»

«ሰማሁህ። እግራቸውን አይተሃል ወይ ነው የምልህ።»

አላየም። ልያ ያስረዳችው ነገር እስካሁን ሲተረክ የሚገርም ነው። ፈንገስ የሚባለው ሻጋታ መሰል ተዋሲ በእግር ጣቶች መሐል፣ እርጥበትና ሙቀት ባለበት ይራባል። አንዳንድ ጊዜ ሰውነት እሱን ሲዋጋ ቁጣው ሌላ ቦታ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ እጅ ላይ። እጁ ውሃ ይቋጥራል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል፤ ፈንገሱ ግን እጁ ላይ የለም። ሌባ በጓሮ ሲገባ ውሻ በደጅ እንደሚጮኸው ነው። እጁ ውሻው ነው። አጋሮ ላይ ሰው ሁሉ ሌባውን ትቶ ውሻውን ሲደበድብ ከርሟል።

ኤርሲዶ ተመልሶ ሴቶቹን «እግራችሁን አሳዩኝ» ሲል ሳቅ ሆነ፤ ጫማዋን ያወለቀች ግን አልነበረችም። ለማያውቁት ወንድ እግር ገልጦ ማሳየት ነውር ነው። ከነውሩ በላይ ደግሞ ፍርሃት ነበር። በእጃቸው ሰበብ ጓደኞቻቸው የተባረሩባቸው ሴቶች እግራቸውን ለማሳየት ምን አበዳቸው?

«እጃችንን አየህ፣ ቆንጂት ተባረረች» አለች አንዷ። «እግራችንን ስታይ ደግሞ ማን ትባረራለች?»

ሐጂራ ወደ ጆንያ መጋዘኑ ጀርባ በዓይኗ ጠራችው። እዚያ ተቀምጣ ኮንጎውን አወለቀች። የላስቲኩ ሽታ ከእርጥበቱ ጋር ሲወጣ ፊቷን አዞረች። በትንሿ የእግር ጣቷና ከጎኗ ባለችው ጣት መሐል ቆዳው ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ ሥሩ ቀልቷል።

«ይኼ መቼ ጀመረዎት?»

«ይኼማ የጭቃ ነው። ሁላችንም አለን።»

«ሁላችሁም? የዳሶቹም?»

ሐጂራ ልትመልስ አፏን ከፍታ ቆመች። «ሚቲ» አለች ቀስ ብላ፤ አይ ማለቷ ነው። «እኛ ብቻ ነን። የአዳራሾቹ።» ከዚያ ያወለቀችውን ኮንጎ በሁለት ጣቷ አንስታ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ከራሷ አራቀችው። «ያ ረቢ! በዚህ ነው?»

ልያ ከሐጂራ የእግር ጣት መሐል በተፋቀው ቆዳ ውስጥ ፈንገሱን በሽ በሽ አገኘችው፤ እንደ ተበተነ ክር። ኤርሲዶ ግን በዚህ አልረካም። ማታ ሴቶቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ሙሐዲን ጫማውን ሁሉ በአንድ በርሜል ውሃ ይነክራል። የአንዷ እግር ያመጣው ለሁሉም ጫማ ይዳረሳል። ከዚያ እርጥቡ በእርጥቡ ላይ ጆንያ ውስጥ ያድራል። ጠዋት እርጥብ ጫማ እርጥብ እግር ይቀበላል፤ ቀኑን ሙሉ ሳይከፈት ይውላል። ፈንገስን ለማራባት ሆን ብሎ ያሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። የንጽሕና ዘመቻው በሽታውን ለምን እንዳበዛው ያን ጊዜ ገባው።

ይህን ሁሉ ለጓድ ወርቅአገኘሁ በትዕግሥት አስረዳ። ጫማው ይቅር፣ ሴቶቹ እግራቸውን አድርቀው የፈንገስ ቅባት ይቀቡ፣ እጃቸው በራሱ ይድናል፤ እጃቸው ደግሞ ለማንም አያስተላልፍም፣ ለቡናውም አያሰጋም አለ።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስለዚህ በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ?»

«ጫማው ነው ያመጣው፣ ጓድ።»

«ጫማው የእኔ መመሪያ ነው። መመሪያው የመንግሥትን ቡና ይጠብቃል። አንተ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጴንጤ ነህ ሲሉ እሰማለሁ። እስካሁን አላመንኩም። ቅዳሜ ከጅማ የበላይ አካል ይመጣል። የሁሉም እጅ ይታያል። አጠገቤ ትቀመጥና የቆሰለውን ትነግረኛለህ፤ የቆሰለ ሁሉ ይወጣል። ከዚያ በላይ አትናገርም።»

ሰውዬው እውነቱን ሰምቶታል፤ አልገባኝም እንዳይል ገብቶታል። ጥፋቱ የእሱ ከሚሆን ሴቶቹ ቢራቡ መረጠ።

ኤርሲዶ የሆነውን ለሐጂራ ነገራት፤ መታሰር እንደፈራም አልደበቃትም።

«ፍራ» አለችው። «ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ። እኔ ግን ቅዳሜ ከወጣሁ የምገባበት የለም። ከዚያ የባሰ የምፈራው የለኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ረጅም ጠረጴዛ አዳራሹ መሐል ተዘረጋ። ከጅማ የመጣው ጓድ ዘርሁን፣ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ መሐል ተቀመጠ። በቀኙ ሥራ አስኪያጁ፣ ዳር ላይ ኤርሲዶ። ሴቶቹ ተሰለፉ። ሐጂራ መጀመሪያ ካልሆንኩ ብላ ተጋፍታ ፊት ቆመች።

«እጅሽን ዘርጊ» አለ ወርቅአገኘሁ።

ሐጂራ ኮንጎውን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ፣ እግሯን ጠረጴዛው ላይ አወጣች። ከጓድ ዘርሁን የውሃ ብርጭቆ አጠገብ።

ሰው ፊት እግር መዘርጋት ለትልቅም ለትንሽም ስድብ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

«ይቅርታ ጓድ» አለች ለእንግዳው። «ባለጌ አይደለሁም። በሽታው ያለው እዚህ ነው። እጃችንን አይተው የሚያባርሩን እግራችንን ላለማየት ነው።»

«አውርጂ!» ወርቅአገኘሁ ብድግ አለ። «ይኼ ፀረ አብዮት ድፍረት ነው!»

«እግሬ አብዮቱን ምን አደረገው? እግሬን ያበላሸው የእናንተ ላስቲክ ነው! አንዱን ጫማ ስንቱ እግር እንዳደረገው ጠይቀኝ። ቤቴ ውስጥ የእኔን ጫማ ልጄ አታደርገውም፤ እዚህ ግን የማላውቀው እግር ወራሽ አደረጋችሁኝ። ደግሞ ቆሻሻ አላችሁን!»

ከኋላዋ ያለችው ሴት ኮንጎዋን አወለቀች። ቀጥላ ሌላዋ። ጫማ በሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ጧ ጧ ይል ጀመር፤ ሽታው አዳራሹን ሞላው። ጓድ ዘርሁን መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ፤ ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አየ። አየና ወደ ዳር ዞረ።

«የጤና ባለሙያው አንተ ነህ? እውነቷን ነው?»

ኤርሲዶ ተነሣ። «እውነቷን ነው» አለ። ከዚያ ስለ ዳሱ ሴቶች፣ ስለ በርሜሉ፣ ማይክሮስኮፑ ስላሳየው ነገር ሁሉን በተራ አስረዳ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ልማዱ ፍርሃቱን ረስቶ እጁን እያወናጨፈ።

ጓድ ዘርሁን ቅዱስ አልነበረም። በአእምሮው ያለው አሰብ ወደብ ላይ ቡናውን የሚጠብቀው መርከብ ነው። «ይኼን ሁሉ ሴት ካስወጣን ቡናውን ማን ሊለቅመው ነው? አንተ?» አለው ወርቅአገኘሁን። በዚያው ቀን የጋራው ጫማ ቀረ። ሴቶቹ በራሳቸው ጫማ፣ የሌላቸውም በባዶ እግር ገቡ። በርሜሉ ተደፋ፤ ኮንጎው ግቢው ጥግ ሲቃጠል ጥቁር ጭሱ እስከ አስፋልቱ ወረደ።

ሴቶቹ የእግራቸውን ጣት መሐል በደረቅ ጨርቅ እያደረቁ ቅባት ቀቡ። እጃቸው ላይ ግን፣ ኤርሲዶ አጥብቆ ስለከለከለ፣ ጠብታ መድኃኒት አልነካም። እግሩ ሲሽር እጁ ተከትሎ ሻረ! ኤርሲዶ የሐጂራን መዳፍ ገልብጦ እያየ እንደ ሕፃን ተደሰተ፤ ልያ ጅማ ሆና ያለችው ሁሉ እዚያ መዳፍ ላይ ተጽፎ ነበር። ሐጂራ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ከፊቷ ካለው ቡና አንድ ፍሬ አነሳችና «ጥቁር ነው» አለች። ጥቁር ነበር።

ወሬው እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ በማበጠሪያው ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ወርቅአገኘሁ በንጽሕና ዘመቻ የቆዳ በሽታን ከማበጠሪያው ያጠፋ ግንባር ቀደም ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ተመሰገነ። ስለ ጫማው የተነሳ ነገር የለም። ኤርሲዶ አልተጠራም። የተባረሩትም አልተጠሩም፤ ቆንጂት ሰርቦ ላይ በስጋ ደዌ ስም ከሰው ተገልላ፣ አክስቷ ጓሮ ብቻዋን ትኖራለች ተብሎ ይወራ ነበር። እጇ ከዳነ ቆይቷል፤ ስሟን ግን ማንም አላዳነላትም።

ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ሐጂራ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከኋላዋ የቆመ አንድ ካድሬ ጎንበስ ብሎ፣ «አዴ፣ ለምን አያጨበጭቡም?» አላት።

«ቆንጂት ትምጣና አጨበጭባለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ከሥራ ቀረች። ኤርሲዶን ይዛ የሰርቦ መኪና ላይ ወጣች። ሰርቦ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የቆንጂትን እጅ ይዛ ሻይ ቤት አስገባቻት፤ ቆንጂት የጠጣችበትን ብርጭቆ ተቀብላም ቀሪውን ጠጣችው።